መስፈርቱን ያላሟላው የመሪጌታ ኮምፒዩተር

አንድ ሰው በሰፈሩ አዋቂ ለመባል አንድ ቀን ይበቃዋል፤ ያን ስም ለማውረድ ግን ዕድሜ ልኩን ቢለፋ አይሳካለትም። እናንተም ሰፈር ይህ ዓይነት ሰው አይጠፋም። አንድ ጊዜ የጎረቤት ላም ስታምጥ አጠገቧ ቆሞ በመገኘቱ የእንስሳት ሐኪም የሆነ፣ አንድ ጊዜ ፍርድ ቤት ለምስክርነት ተጠርቶ ሲመለስ የሕግ አማካሪ የሆነ። እኔም የኮምፒዩተር ባለሙያ የሆንሁት እንዲሁ ነው። የዕድራችን ጸሐፊ ኮምፒዩተሩ አልነሣ ብሎት ሲጨነቅ፣ ጎንበስ ብዬ ከሶኬቱ ላላ ያለውን ገመድ ገፋ አደረግሁት። ተነሣ። ከዚያች ቀን ጀምሮ የሠላሳ ዓመት የኬሚስትሪ መምህርነቴ ተረሳ፤ ስልኩ የተቆለፈበትም፣ ቴሌቪዥኑ የደበዘዘበትም፣ የመብራት ቆጣሪው ያልገባውም እኔ ቤት ይመጣል።

ስሙን አልጠላሁትም። ሹመት ያዳብር የሚለኝ ባይኖርም ሹመት ነው። ችግሩ፣ አንድ ጊዜ አዋቂ ከተባሉ በኋላ «አላውቅም» ማለት ግብር የሚያስከፍል ይመስል ከአፍ አይወጣም። ሐኪሙ አላውቅም አይል፣ ሹሙ አላውቅም አይል፣ መንገድ የጠየቃችሁት ሰው እንኳ አላውቅም ከሚል አሳስቶ ቢሰዳችሁ ይመርጣል። ተማሪ ብቻ ነው አላውቅም የሚለው፤ እሱንም እኛ መምህራን ዜሮ እንሰጠዋለን።

ወደ ነገሬ ልግባ።

ከአጥራችን ማዶ መሪጌታ ልሳነወርቅ የሚባሉ የቅኔ መምህር ይኖራሉ። ሰባውን ካለፉ ሰንብተዋል። የዱሮ ተማሪያቸው የነበረ አንድ ነጋዴ ከስድስት ዓመት በፊት ለራሱ አዲስ ሲገዛ አሮጌውን ላፕቶፕ ለእሳቸው አበረከተላቸው። ማጠፊያው በሽቦ የታሰረ፣ ባትሪው የሞተ፣ ገመዱ ሲነቀል አብሮ የሚያርፍ ላፕቶፕ ነው። መሪጌታ ግን አከበሩት። በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ያስቀምጡታል፤ ጧት ከቤተ ክርስቲያን መልስ በረንዳቸው ላይ ይፈቱትና በሁለት ጣታቸው፣ ዶሮ ጥሬ እንደምትለቅመው፣ ፊደል ይለቅሙበታል። የሚጽፉት የመምህራቸውን ቅኔዎች ነው። መምህራቸው ወደ መራዊ በሚወስደው መንገድ ገባ ብላ ባለች ደብር ጉባኤ ዘርግተው ያስተምሩ የነበሩ፣ አንዲት ቅኔ እንኳ በወረቀት ሳያሰፍሩ ያረፉ ሊቅ ነበሩ ይባላል።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ ጧት መሪጌታ ላፕቶፑን እንደ ሕፃን ታቅፈው ደጃፌ ቆሙ።

«መምህር፣ ይህን ነገር እስቲ እይልኝ። ሰላምታ መስሎኝ እሺ እያልሁት ነበር፤ ዛሬ ግን ፊቱን አጠቆረብኝ።»

አየሁት። በእንግሊዝኛ የተጻፈ መልእክት ነው። አዲስ ዊንዶውስ መጥቷል፤ ለአሮጌው የሚደረገው ድጋፍ ያበቃል፤ ይሁንና ይህ ኮምፒዩተር ለአዲሱ የሚያስፈልገውን መስፈርት አያሟላም ይላል። እንዳለ ተረጐምሁላቸው።

«የማያሟላው ማን ነው? እኔ ነኝ ወይስ እሱ?»

«እሱ ነው መሪጌታ።»

«ተመስገን» አሉ። ጥቂት አሰቡና፣ «ምን ጐድሎት?» ብለው ጠየቁኝ።

ምን እንደጐደለው የማውቀው ነገር አልነበረም። ግን ከላይ እንዳጫወትኋችሁ ነው። «ፔዳ ሰፈር አንዲት የማውቃት ባለሙያ አለች፤ ከእሷ ጋር ብንማከርበት ይሻላል» አልሁ፤ ሐኪም ከሌላ ሐኪም ጋር እንደሚማከረው ዓይነት። በባጃጅ ሄድን። መሪጌታ መንገዱን ሁሉ ላፕቶፑን ከነጨርቁ ጭናቸው ላይ እንዳስቀመጡ ነበር፤ ባጃጁ ጉድጓድ በመታ ቁጥር እጃቸውን ላዩ ላይ ያደርጋሉ።

ባለሙያዋ ሐና ትባላለች። ከዩኒቨርሲቲው ደጅ፣ በፎቶ ኮፒ ቤትና በጭማቂ ቤት መካከል በተሸጐጠች ጠባብ ሱቅ ውስጥ የተፈታታ ኮምፒዩተር ከብቧት ትውላለች። ወሬ አታበዛም። መሪጌታን ስታይ ተነሥታ ወንበሯን ሰጠቻቸውና ላፕቶፑን ከፍታ ጥቂት ነካካች።

«ፕሮሰሰሩ አራተኛ ትውልድ ነው አባታችን» አለች። «አዲሱ ደግሞ ከስምንተኛ ትውልድ በታች አይቀበልም።»

መሪጌታ ወደ እኔ ዞሩ። «እኛ ለጋብቻ የምንቆጥር እስከ ሰባት ቤት ነው። ይህ ከጋብቻም ባሰ።»

ሐና ሳቋን ዋጥ አድርጋ ቀጠለች። «ማስታወሻው፣ ሜሞሪ የሚሉት፣ አራት ጊጋ ነው። ለመስፈርቱ ይበቃል፤ ግን እየተንፏቀቀ ነው የሚሄደው።»

«እኔም እንደዚያው ነኝ» አሉ መሪጌታ።

እኔ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

«ደግሞ የኮምፒዩተሩን የምስጢር ቁልፎች የምትይዝ አንዲት ትንሽ ቺፕ አለች። የዚህኛው የዱሮው ዓይነት ናት፤ አዲሱ የሚፈልገው ተተኪዋን ነው።»

«ገባኝ፣ ዕቃ ቤት ነው የምትይኝ» አሉ መሪጌታ። «የእኛም የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ሦስቱ ቁልፍ ያዦች ካልተሰበሰቡ አይከፈትም። እዚህ ቤት አንዱ ቁልፍ ያዥ አርጅቷል ማለት ነው።»

ሐና እጇን ከኮምፒዩተሩ አነሣች። «አራት ዓመት ሙሉ የተማርሁትን እንዲህ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም» አለች። እኔም በዚያች ቅጽበት ነው የተረዳሁት፤ ከመሪጌታ ሰምቼ ማለት ነው። ቢሆንም እንደሚያውቅ ሰው ራሴን ነቀነቅሁ።

ከዚያ ያለውን ምርጫ ነገረችን። አንደኛው አዲስ መግዛት ነው፤ ዋጋውን ስትጠራ መሪጌታ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ያ ጉዳይ በዚያው ተዘጋ። ሁለተኛው ኢንተርኔት ሳያገናኙት እንዳለ መገልገል ነው፤ መሪጌታ ደግሞ ከጽሕፈት ሌላ የሚፈልጉት የለም። ሦስተኛው ትውልድ የማይቆጥር፣ በነጻ የሚገኝ ቀላል ስርዓት መጫን ነው።

«ከሁሉ በፊት ግን ጽሑፉ ሌላ ቦታ መገልበጥ አለበት። አሁኑኑ እዚሁ ልገልብጥልዎት?» አለች።

«ግዴለም፣ እኔ ቤት እገለብጠዋለሁ።»

ይህን ያልሁ እኔ ነኝ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ መልሶ አይያዝም። ሐና ትክ ብላ አየችኝ፤ መሪጌታ ግን «መምህር ካለ ምን ጭንቅ አለብኝ» አሉ። እንዲህ ያለ እምነት የተጣለበት ሰው ሁለት ዕድል ነው ያለው፤ ወይ ይሸሻል፣ ወይ ይደፍራል። ብልሁ ይሸሻል።

እሑድ ከሰዓት ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ተቀመጥሁ። መገልበጡንማ በአንድ አፍታ ጨረስሁት። ስክሪኑ ላይ ፊት ለፊት «ቅኔ» የሚል ስም ያለበት ትንሽ ሥዕል ነበር፤ ያን ይዤ ወደ ፍላሽ ጣልሁት። ስድስት ዓመት የተጻፈ ነገር በዓይን ጥቅሻ ሲገለበጥ ማንም አእምሮ ያለው ሰው ይጠረጥራል። እኔ ግን «ጥሩ ፍላሽ ነው» አልሁ።

ይህን ጊዜ ነው ሰይጣን የመጣብኝ፤ ለኔ የሚመጣው በቪዲዮ መልክ ነው። አንድ ጐልማሳ ስልኬ ላይ ብቅ አለና መስፈርት የማያሟላ ኮምፒዩተር ላይ አዲሱን ዊንዶውስ በአሥር ደቂቃ እንዴት እንደሚጭኑ ያሳያል። ሐና አይሆንም ያለችውን አድርጌ መሪጌታን ባስደንቅስ? መሪጌታን ብቻ አይደለም፤ ሐናንም። ስንቱን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ «መስፈርቱን የማያሟላ እንዳያመለክት» የሚል አንብበን በዘመድ በወገን ስንገባ የኖርን ሰዎች ነን፤ አንድ ላፕቶፕ በጓሮ በር ማስገባት ምን ያቅተናል? ሰውየው ተጫን ያለኝን ተጫንሁ። አንድ ቦታ ላይ ኮምፒዩተሩ «ያለውን ሁሉ ላጥፋ?» አለኝ። ሰውየው አጥፋ አለ። አጠፋሁ።

አዲሱ ዊንዶውስ ገባ። መግባቱንስ ገባ፤ መራመድ ግን አቃተው። አንዲት መስኮት እስኪከፈት ቆሎ በእጅህ ዘግነህ ትጨርሳለህ። ለማንኛውም ቅኔዎቹን ልመልስ ብዬ ፍላሹን ሰካሁና «ቅኔ» የሚለውን ተጫንሁ። የሚፈልጉት ነገር የለም አለኝ። ደግሜ ተጫንሁ። የለም።

ለካስ የገለበጥሁት ሥዕል «አቋራጭ» የሚሉት ነው። ጽሑፉ ያለበትን የሚጠቁም ጣት እንጂ ጽሑፉ አይደለም። ጣቱን ፍላሽ ውስጥ አስቀምጬ፣ የሚጠቁመውን በገዛ እጄ አጥፍቼዋለሁ።

ባለቤቴ ዘነበች ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው የምትሠራው። ከፈረቃ ስትመለስ ወንበሩ ላይ ደርቄ አገኘችኝ።

«ምን ሆነህ ነው ቀለምህ የተለወጠ?»

ነገርኋት። ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ነው የሰማችኝ።

«ሂድና ንገራቸው» አለች።

«ነገ ሐና ትየውና...»

«ዛሬ።»

ከቤቴ በር እስከ መሪጌታ በረንዳ ሃምሳ እርምጃ አይሞላም። ያን ቀን የረዘመብኝን ያህል ከባሕር ዳር መራዊ በእግሬ ብሄድ አይረዝምብኝም። መሪጌታ ከሐይቁ በሚመጣው የከሰዓት ነፋስ ጋቢያቸውን ደረብ አድርገው ተቀምጠዋል። ቆሜ ሁሉንም ተናገርሁ። ቪዲዮውንም፣ ላስደንቅዎ ብዬ እንደነበርም አልደበቅሁ።

አልተቆጡም። ቢቆጡኝ በወደድሁ።

«ተቀመጥ» አሉኝ። ተቀመጥሁ። ከዚያ ቀጠሉ። «እኔ መጻፍ ወድጄ የጀመርሁ መሰለህ? የኔታ ሲያርፉ ቅኔያቸውን በቃል የያዝን አራት ነበርን። ሦስቱ አርፈዋል። ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ጧት የኔታን አንዲት ቅኔ ለተማሪ ልነግር ጀምሬ፣ ሦስተኛው ቤት ላይ ጠፋኝ። በማግስቱም ሌላ ጠፋኝ። ለሰው አልተናገርሁም። ቶሎ ብዬ ልጻፈው አልሁ።»

«አሁንስ መሪጌታ፣ እንደ ገና ቢያስቡት...»

«ልብ እንዲህ አይደለም። የጻፍሁትን ሁሉ ተጽፏል፣ ዳነ ብዬ ለቅቄዋለሁ። አንድ የተሸከምኸውን አውርደህ እፎይ ካልህ በኋላ፣ መልሰህ ስታነሣው እንደ ፊቱ አይነሣልህም።»

ሐና ሱቅ ውስጥ «እኔም እንደዚያው ነኝ» ሲሉ የሳቅሁት በምን ላይ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ።

ሰኞ ጧት ክፍለ ጊዜዬን ለባልደረባዬ ሰጥቼ ሐና ሱቅ ደጃፍ እሷን ቀድሜ ተገኘሁ። ያጠፋሁትን ስነግራት አልዘለፈችኝም፤ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«ከጠፋ በኋላ ስንት ጊዜ አበሩት?»

«አንድ ጊዜ» አልሁ። አየችኝ። «ሦስት ጊዜ።»

«ከእንግዲህ አይነካም። ጠፋ የተባለ ጽሑፍ ወዲያው አይጠፋም መምህር። ቦታው ላይ ሌላ ነገር ሲጻፍበት ነው የሚጠፋው። እርስዎ ምን ያህል እንደጻፉበት አላውቅም፤ የምችለውን አደርጋለሁ።»

«አላውቅም» አለች ሐና። በሱቋ፣ በሙያዋ፣ በደንበኛዋ ፊት። ምንም አልሆነችም።

ዘጠኝ ቀን ጠበቅን። እኔ በዘጠኙም ቀን በጓሮ በር ወጥቼ በጓሮ በር ገባሁ። መሪጌታ ግን አንድም ቀን ባገኙኝ ቦታ ሰላምታ አልነፈጉኝም፤ «እንዴት አደርህ መምህር» ይላሉ፣ እንደ ዱሮው። ሰው የበደልኸው ሲረግምህ ትመልስለታለህ፤ ሰላም ሲልህ ምን ትመልሳለህ? ጧት ጧት በረንዳው ባዶ ነበር። ያ ነጭ ጨርቅ ብቻ ታጥፎ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል።

በአሥረኛው ቀን ሐና ደወለች። ከአራት መቶ የሚበልጡ ቅኔዎች ተገኝተዋል፤ ሃያ ሦስቱ ግን አልተገኙም፣ ወይም ፊደላቸው ተበጣጥሶ የሚነበብ ነገር አልሆኑም። ያን ትውልድ የማይቆጥር ቀላል ስርዓት ጭናለት ላፕቶፑ እየሮጠ መጣ። በሦስት ፍላሽም ገልብጣ፣ እያንዳንዱን እኔው ራሴ ከፍቼ እንዳነብ አስገደደችኝ። መሪጌታ ዝርዝሩን ጣታቸውን እያስኬዱ አዩና የጐደሉትን ከነመነሻ ቃላቸው ነገሩኝ። መነሻው አለ፤ የጠፋው መድረሻው ነው።

«እኔ እቀመጣለሁ» አልኋቸው። «እርስዎ ይበሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። የመጣው ይምጣ።»

እንዲህ ሆኖ በየከሰዓቱ መሪጌታ በረንዳ ላይ መቀመጥ ጀመርን። ግእዝ አላውቅም፤ ፊደሉን ስለማውቅ ብቻ የሰማሁትን እጽፋለሁ። መጀመሪያ ላይ ስድስት ያህል ቀናላቸው። በአራተኛው ቀን ግን አንዲት የመርከብ ቅኔ ጀምረው ከመጨረሻው ቤት ሲደርሱ ቆሙ። ከመነሻው ጀመሩ፤ እዚያው ላይ ቆሙ። ለሦስተኛ ጊዜ ጀመሩ። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ መቋሚያቸውን ጨብጠው፣ እዚያችው ቦታ ላይ። እኔ ወደ ሐይቁ አቅጣጫ ዞርሁ፤ ማየት አልቻልሁም።

«ወኢረከበት መርሶ» የሚል ድምፅ ከአጥሩ ማዶ መጣ።

መሪጌታ ዓይናቸውን ገለጡ። ዘነበች ናት። ልብስ እያሰጣች ነበር፤ እርጥብ አንሶላ እጇ ላይ አለ።

«ማን ነገረሽ?» አሏት።

«እርስዎ ነዎት እንጂ መሪጌታ» አለች፤ እንደ ማፈር ብላ። «አንዱን ቤት ሦስት አራት ጊዜ በዜማ ሳይሉ አይጽፉም። እኔ የማታ ፈረቃ በሆንሁ ቁጥር ጧት እዚህ አጥር ሥር ልብስ አጥባለሁ። ምን ማለት እንደሆነ አላውቀውም። ፋብሪካ ውስጥ ማሽኑ ሲጮህ በሆዴ እለዋለሁ፣ ሰዓቱ ይሄድልኛል።»

«ወደብም አላገኘች» አሉ መሪጌታ፣ ትርጉሙን ለእሷ። «ማለት ይህ ነው።» ከዚያም ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ። ዘነበችም አንሶላውን እንደያዘች ቆማ ጠበቀቻቸው።

እኔ ከሴትዮዋ ጋር ሃያ ስድስት ዓመት ኖሬአለሁ። አንድ ቀን እንኳ በሆድሽ ምን ትያለሽ ብዬ ጠይቄአት አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ዘነበች በእረፍቷ ቀን አጥሩን ዞራ ትመጣለች። አንዳንዱን ቅኔ መሪጌታ ጀምረው እሷ ትጨርሰዋለች፤ አንዳንዱን እሷ ዜማውን ታነሣና እሳቸው ቃሉን ያገኙታል። ስታጣምመው ያርሟታል፤ «ይህን ከማሽን ጋር ስትዪው ነው የላላብሽ» ይሏታል። ከሃያ ሦስቱ አሥራ ዘጠኙ ተመለሱ። አራቱ ቀሩ። ስለ አራቱ መሪጌታ አንድም ቀን አንሥተውብኝ አያውቁም፤ እኔ ግን ቍጥሩን የምረሳበት ቀን አይመጣም።

ባለፈው ሳምንት መሪጌታ አንዲት ሁለት ቤት ብቻ ያላት አጭር ቅኔ አስጻፉኝ። የመምህራቸው መስላኝ ከተገኙት ጋር ልደምራት ስል ከለከሉኝ።

«ይህች የእኔ ናት፤ ለብቻዋ ትቀመጥ። ትናንት ነው የመጣችልኝ።»

«ምን ትላለች?» አልኋቸው።

«ሰሟ ስለ አንድ ዓሣ አጥማጅ ነው። ጣና ላይ ማዕበል ተነሣ ሲሉት ታንኳዬን ላድን ብሎ ሮጠ፤ የታሰረችበትን ገመድ ፈትቶ ተሸክሞ ቤቱ ገባና በሩን ዘጋ።»

ዘነበች ሳቋ እንዳያመልጣት አፏን በነጠላዋ ያዘች። ግእዙን በሁለት ወር ውስጥ ጥቂት ጥቂት እያሉ አስተምረዋታል።

«ወርቁስ?» አልሁ።

መሪጌታ ወደ ሐይቁ ተመለከቱ። ዘነበች ምጣድ ጥጄ ነበር ብላ ተነሣች፤ እንኳን ምጣድ እሳትም አልነበረ። እኔም ጽሑፉን በሦስቱም ፍላሽ ገለበጥሁት፤ ከፍቼም አነበብሁት። ዘነበች አይታው አንዲት ፊደል እንዳልሳትሁ መስክራልኛለች።